አራተኛዋ ካንዴላ

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ እጆቹ ግን ወሬውን እስካሁን አልሰሙም። ቤታችን ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የለም፤ በአንድ እጅ የሚከፈት ቧንቧም የለም። እማዬ የዘይት ጠርሙስ ይዛ ጎረቤት የምትሄደው ዘይት ልትሰጥ ወይም ልትበደር አይደለም፤ ክዳኑን ልታስከፍት ነው። የዘጋው ሰውዬ ደግሞ፣ «አልጠበቀም እኮ፣ ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩላት» ይላል። ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ጥብቄ» ነው። ፊት ለፊት ሲጠሩት ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ሙያውን የመሰከሩለት ይመስለዋል።

ሙያው ያስተማረው ነገር አንድ ነው። ተሽከርክሮ በሚገባ ብረት ሁሉ ላይ ቃጫ ይጠመጠማል፣ ቃጫው ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ክንድ እስኪዝል ይታሰራል። እንዲህ የታሰረ ነገር አያፈስም። እንዲህ የታሰረ ነገር አይፈታምም፤ እሱ ግን ስለ መፍታት አስቦ አያውቅም።

ግቢያችን ጥግ፣ ግንቡ ሥር፣ ሁለት ዓመት የቆመች አሮጌ መኪና አለች። ለምን እንደቆመች ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚያነሳው ግን የለም። አክስቴ፣ የአባዬ ታናሽ እህት፣ ያረፈች ጊዜ ወደ ቀብሯ የሄድነው በዚህችው መኪና ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ማሳል ጀመረች። የመቃብሩ ዳገት ሥር ስንደርስ ጭራሽ እምቢ አለች። በእግራችን ሮጠን ስንደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ልብሱን እያራገፈ ነበር።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በፊት መኪናዋን የፈተሻት አጎቴ ነበር። የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ መካኒክ። አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቱን ቀስሮ፣ «እህቴን እንዳልቀብር ያደረግኸኝ አንተ ነህ! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» አለው። አጎቴ አንድ ቃል አልመለሰም። አመሻሹ ላይ መኪናዋን ጎትቶ ግቢያችን ድረስ አመጣት፤ ኮፈኗን ከፍቶ ጥቂት አየና መልሶ ዘግቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ቤታቸው የሚራራቀው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ አጎቴን እንደ ሌባ ተደብቄ ነበር የምደውልለት፤ በዚህ ነገር አባቴን ከልቤ ተቀይሜው ነበር።

ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባዬ መኪናዋን በአገጩ እያሳየ፣ «ከተነሳች ያንቺ ናት» አለኝ። ደስታዬን ተገን አድርጌ፣ «ታዲያ አጎቴን ልጥራው?» ብል ፊቱ ጠቆረ።

«ያበላሻትን ሰው? በራሴ እጅ እሠራታለሁ።»

እኔ የፈለግኩት መኪናዋን ብቻ አልነበረም። አባዬ ቢያቅተውና ወንድሙን ቢጠራ ብዬ ውስጥ ውስጡን እመኝ ነበር። አባት እንዲያቅተው መመኘት ጥሩ ነገር አይደለም፤ ተመኘሁ ግን።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ባትሪና አራት አዳዲስ ካንዴላዎች ይዘን ኮፈኑን ከፈትን። ነዳጁን የሚለኩሱት እነዚህ ካንዴላዎች ናቸው። ሦስቱ አሮጌዎች በካንዴላ ቁልፍ ሳያስቸግሩ ወጡ። አራተኛዋ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ፍንክች አላለችም። አባዬ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

«አየሽ? ይሄ ነው የወንድሜ ሥራ! እንዲህ ቀርቅሮ ነው የፈጀኝ!»

ወንድም የለኝም ያለ ሰው «ወንድሜ» አለ።

እየተቆጣ ገብቶ አንድ ክንድ የሚሆን ቧንቧ ይዞ መጣ። ቁልፉ ላይ ሰክቶ እጀታውን ሊያረዝመው ነው። እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ክሊኒካችን ውስጥ የምንፈራው የማይወጣ ጥርስ አይደለም፤ ተሰብሮ ሥሩ የሚቀር ነው። ቧንቧውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ከተሰበረች ግማሿ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ሞተሩ ካልተበተነ አትወጣም።»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው ብረት የምፈታው።»

«ስታስር እንጂ ስትፈታ አይቼህ አላውቅም!»

እማዬ በመስኮት ሳቋን ለቀቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳን ልጅቱን ስማት!»

እያጉረመረመ ቧንቧውን ጣለው። በብስክሌት መንፊያ ዙሪያዋን ያለውን አቧራ አጠራሁ፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩባትና እስከ እሑድ ተውናት። ቅዳሜን ሙሉ አባዬ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያያት ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከእጁ ላይ ቁልፍ የቀማሁት።

እሑድ ጠዋት ሐኪሙ ጥርስ ሲያነቃንቅ እንደማየው አደረግነው። መጀመሪያ ፀጉር ታህል ወደ ማጥበቂያው። እዚህ ላይ አባዬ አልተከራከረም። ቀጥሎ ፀጉር ታህል ወደ መፍቻው። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። አሥራ ምናምነኛው ላይ ሲጥ አለች። አባዬ ሊስባት ሲል ክንዱን ያዝኩት፣ መልሰን አስገባናት፣ ዘይት ጨመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ወዲያና ወዲህ ስንላት ቆይተን ቁልፉ በድንገት ቀለለ። አባዬ በጣቶቹ አሽከርክሮ አወጣት።

«በይ ነይ፣ የአጎትሽን ጉድ እይ» ብሎ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጋት።

ነጩ ሸክላዋ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ እንዲህ የተሰነጠቀች ካንዴላ ነዳጅ አትለኩስም። ብረቷ ላይ፣ ጠመዝማዛው ውስጥ፣ ከስሎ የደረቀ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ክር ሆኖ ወጣ። አንገቷ ላይ፣ ከተጋገረው አቧራ ሥር፣ ቀይ ቀለም ደርቋል። ቃጫ ነው። ቃጫና ቀለም።

አባዬ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። እማዬ ዝምታው አሳስቧት ወጣች፤ ካንዴላዋን አየች፣ እሱን አየች።

«አክስትሽ ሆስፒታል የተኛችበት ሳምንት ነው» አለችኝ። «መቀመጥ አቅቶት ነበር። ከሆስፒታል በተመለሰ ቁጥር የአልጋውን እግር፣ የበሩን ማጠፊያ፣ ያላጠበቀው ነገር አልነበረም።»

«ያኔ እዚህ ጋ ዘይት አይቼ ነበር» አለ አባዬ ቀስ ብሎ። «ታፈሳለች ብዬ... የኔ እጅ ነው።»

ለካ አጎቴ ሲፈትሻት ዘይት ሲሞላ ጠብ ያለች ጠብታ ኖራለች። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ዓመት እኮ ነው! ግን ያን የእሱን ሳምንት ሳስበው አንጀቴን በላው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩ።

ታጠበ፣ ሸሚዝ ቀየረ፣ ካንዴላዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን አልችልም» አለኝ። በሩን የከፈተው አጎቴ ራሱ ነው። እኛን ሲያይ ደነገጠ፣ ከዚያ፣ «ግባ ጋሼ» ብሎ ከመንገድ ገለል አለ። አባዬ አልተቀመጠም። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታ። አጎቴ ካንዴላዋን አየት አድርጎ፣ «ወጣች እንዴ?» አለ።

አባዬ አፈጠጠበት። «ታውቅ ነበር?»

«የዚያን ዕለት ኮፈኑን ስከፍት ቀለሙን አየሁት። ካንዴላ ላይ ቃጫ የሚጠመጥም ሌላ ሰው አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልህ ጋሼ? እህታችንን ሳትሸኛት የቀረኸው በገዛ እጅህ ነው ልበልህ? እኔን ብትጠላኝ ይቀልሃል ብዬ ነው።»

አባዬ አለቀሰ። አክስቴ ስትሞት እንኳን ሰው ፊት እንባ ያላወጣ ሰው፣ የወንድሙን አንገት አቅፎ «ይቅር በለኝ» እያለ ጮክ ብሎ አለቀሰ። አጎቴ ጀርባውን ይመታ ነበር። እኔማ ከሁለቱም ብሶብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ኮፈኑ ሥር ነበርን። አጎቴ ቀዳዳውን በጥንቃቄ አጸዳ፤ ሦስቱን አዳዲስ ካንዴላዎች ካሰረ በኋላ አራተኛዋን በጣቱ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገባና ቁልፉን ለአባዬ ሰጠው። «አንተ ጨርሳት። ሩብ ዙር፣ ከዚያ በቃ።»

አባዬ ሩብ ዙር አዞረ። እጁ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ትንሽ ብጨምርላትስ?»

«አይሆንም ጋሼ።»

«ካፈሰሰችስ?»

«አታፈስም። እመነኝ።»

አባዬ ወንድሙን ትንሽ አየውና እጁን አነሳ።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። እኔ ነዳሁ፣ እማዬ ከጎኔ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላ። ወዴት እንደምንሄድ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ወጣነው፤ አንዴም አላሳለችም። መቃብሩ በር ላይ ሞተሩን ሳጠፋ አባዬ ወርዶ ቀድሞን ሄደ። እህቱ ጋ ሲደርስ ቆቡን አውልቆ፣ «መጣሁ» አላት። «ዘግይቻለሁ።»