ስም ሸጬ ቤት ሻጭ ተባልኩ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ፒያሳ አጠገብ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው የቀበሌ ቤታችን ሊፈርስ ነው ተብሎ ምትክ ቤት በምንጠባበቅበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከውስጤ የማይወጣው፣ ያን ምትክ ቤት ያስቀረብን የራሴ ሕግ አክባሪነት ስለሆነ ነው።

የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤቱ የኪራይ ውል በእኔ ስም ነበር። ቀድመው የተነሡ ጎረቤቶች «የሚሰጣችሁ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው፣ በሩን እንኳ ራሳችሁ ናችሁ የምትገጥሙት» ስላሉን የማስጨረሻ ገንዘብ ያስጨንቀኝ ጀመር።

ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት ድረ ገጽ ነበረኝ። የፒያሳን የድሮ ፎቶና የሰፈር ልጆችን ቀልድ የምለጥፍበት ነው። አንድ ቀን የውጭ አገር ኩባንያ ጻፈልኝ። ፎቶውንም ቀልዱንም አልፈለገም። የፈለገው ሰው ወደ ገጹ የሚገባበትን ስም፣ ዶሜይን የሚሉትን ነው። አጭር ስለሆነ ወዶታል። ስም ደግሞ ይሸጣል እንዴ እያልኩ ሸጥኩለት፤ ብሩም በባንክ መጣ።

እዚህ ላይ ብልጥ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ነገ ቤት ስረከብ «ግብር አልከፈልክም» እንዳልባል ብዬ፣ ሳይጠሩኝ አቤት አልኩ። በገዛ እግሬ ግብር ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ደግ ሴት ናት።

«ምን ሸጠህ ነው ወንድሜ?»

«ስም።»

«ስም አዙረህ ነው?»

«አዎ፣ ዞሯል» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ስሙ ወደ ገዢው ዞሯል።

«የመኪና ነው የቤት?»

«የስም።»

«አንተ የአራዳ ልጅ፣ ወረፋ አለ እኮ፣ አትቀልድ» ብላ ሳቀች።

ነገሩን አስረዳኋት። ኮምፒውተሯ ላይ እሱን የሚመስል መደብ አጣችለት። አለቃዋ መጣና «ንግድ ነው፣ ፈቃድህ የታለ?» አለኝ። ሌላው «የለም፣ እንደ ደራሲ ክፍያ ነው» አለ። ልክፈል እያልኩ ብመላለስ የሚቀበለኝ ጠፋ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቅጣት አለው። ጨንቆኝ «እህቴ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቤት በይው በቃ» አልኳት።

«ታዲያ ቤት ነዋ!» አለችና በቤት ሽያጭ ስር አስገባችልኝ። ከፈልኩ። መርቄያት ወጣሁ።

የምትክ ቤት ድልድሉ ሲወጣ ስማችን የለም። ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ «በግብር መዝገቡ ላይ አንተ ቤት ሸጠሃል። ቤት የነበረው ሰው ምትክ አያገኝም» አሉኝ። ወደ ግብር ቢሮ ሮጥኩ። ያቺ ሴት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች። የተተካው ሰው «ቤት እንዳልነበረህ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። ላልነበረ ነገር ማስረጃ ከየት ይመጣል? ገጹን ከፍቼ እንዳላሳየው አሁን የሌላ ሰው ነው፤ ሲከፈት የሚመጣው እኔም የማላውቀው ቋንቋ ነው። አቤት ያላልኩበት ቢሮ የለም። ሁሉም አዳምጠው፣ አዝነው፣ ወደ ሌላ ቢሮ ይልኩኛል።

ቤታችን ፈረሰ። አሁን ከተማ ዳር ተከራይተን ነው ያለነው። የድሮ ጎረቤቶቻችን «ለካ ቤት ደብቆ ኖሯል» እያሉ ያሙኛል። ሰው ያለውን ይበል።

በቀደም ግን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ አልቆጣህም። ቤት ነበረህ እንዴ?»

«እማዬ፣ የሸጥኩት ስም ነው።»

«ስም እንዴት ይሸጣል? እስቲ ወላሂ በል።»

ወላሂ አልኩ። እጄን ያዘችና «ይሁን፣ እኔ አፉ ብዬሃለሁ» አለችኝ።

ባላጠፋሁት ይቅር ተባልኩ። ቤቱን ከማጣቴ ይልቅ ዛሬም የሚያመኝ ይህ ቃሏ ነው።