አያ ታከለ የማይጨርሰው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ በነበረው ቤታችን የጋብቻ በዓል የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ወላጆቼ የተጋቡበትን ቀን የሚያስታውሰን የአባቴ አንደኛ ሚዜ አያ ታከለ ነው። በየዓመቱ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል፤ ያኔ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እናቴን ከወላጆቿ ቤት አዝሎ እንዴት እንዳወጣት ይተርክልናል። ሚዜ ሙሽራዋን የሚያዝለው ወንድም ሊሆናት ምሎ ነው። ተረቱ ሁልጊዜ የሚያበቃው አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ ትከሻውን ገልጦ ጠባሳውን ያሳየናል።

«እዩዋት ይችን እናታችሁን! እንደ ድመት ነከሰችኝ እኮ!»

እኛ እንስቃለን፣ አባቴም ይስቃል። እናቴ ፍሙን ትቆሰቁሳለች።

አያ ታከለ በመጣበት በመጨረሻው ዓመት አባቴ እኔን ለአንድ የሳንጃ ከተማ ነጋዴ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ነበር። ሽማግሌ ሆኖ ያስማማውም አያ ታከለ ነው። የወተት ጥርሴ ገና ወልቆ አላለቀም።

«አንቺስ ሚዜሽን በምንሽ ትነክሽው ይሆን፣ ወላቃ!» አለኝ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እናቴ መቆስቆሻውን አስቀመጠች። «አያ ታከለ፣ ዘንድሮ የቀረውን እኔ ልናገረው።»

«ምነው፣ ተረት አማረሽ?»

«እህቴ ነሽ ብለህ ምለህ አዘልከኝ። ወንዙ ዳር ስንደርስ፣ አውርደኝ፣ እናቴ ጋ ልመለስ ብዬ በጆሮህ ለመንኩህ። ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

አያ ታከለ ዓይኑን ወደ እሳቱ መለሰ።

«ሰምተሃል ወይ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልከኝ?»

«ትለምጅዋለሽ አልኩሽ።»

«ያኔ ነው የነከስኩህ። እስከ ዛሬም አልለመድኩትም። ይችን ልጅ የሚያዝል እኔን ገድሎ ነው።»

አያ ታከለ ዱላውን አንስቶ ወጣ። በሳምንቱ ከሽምግልናው መውጣቱን ሰው ልኮ አሳወቀ፤ ጋብቻውም ፈረሰ። እኔ ጎንደር ከተማ ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ለትምህርት ተላክሁ፤ ከዚያም ወዲያ እየራቅሁ ሄድኩ። እናቴ ግን ቀረች። አባቴ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ እስኪሞት ድረስ ጀርባውን ሰጥቷት በላ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። የሠርጋቸውን ቀን የሚያስታውስ ሰውም ዳግመኛ ቤታችን አልመጣም።

አምና ወንድሜና ሚስቱ የጋብቻ በዓላቸውን ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲያከብሩ ተጠርቼ መጣሁ። ፊኛ ተሰቅሏል፣ ኬክ ተቆርሷል። ወንድሜ ማይክራፎን ይዞ ስለ ወላጆቻችን ሠርግ ማውራት ጀመረ፤ ሚዜውን፣ ማዘሉን፣ ንክሻውን ተረከና እዚያው ላይ አቆመ። አዳራሹ ሳቀ። እናቴ የቀረውን በተናገረችበት ምሽት ግን ወንድሜም እሳቱ ዳር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ሲቀመጥ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «የቀረውን ሰምተሃል ወይ?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ተይው እንጂ እህቴ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው።»

ይህን ያህል ዘመን መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ፣ ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ የእናቴ ጥያቄ ብቻ ነው። በዚያ አዳራሽ ከሳቀው ሰው ሁሉ፣ ለምን ነከሰችው ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።