ጥፍር የሚያቆመው ነሐስ

እስክሪብቶ እሠራለሁ። ናዝሬት፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችኝ። እኔ ራሴ ስጽፍ ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ለዚያ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያልገባው ደግሞ ያንብበው።

የኔ እስክሪብቶ ከአንድ እንጨት አይወጣም። ወይራ፣ ማንጎ፣ ደግሞ ወይራ፣ ደግሞ ማንጎ፣ ጥቁርና ፈዛዛ እየተፈራረቀ በኮላ ይጣበቃል። በየመሃሉ እንደ ጥፍር የሳሳ ነሐስ ይገባል። ከዚያ ቶርኖ ላይ ይታሰርና እየዞረ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሲያልቅ ነሐሱ ጣት ላይ እንዳለ ቀለበት ያበራል። እንጨት መምረጥና ማድረቅ የኔ ሥራ ነበር። ነሐሱና ቶርኖው የባልንጀራዬ ነበር።

ባልንጀራዬ ድሮ ባቡር ጥገና ላይ የነበረ ብረት ሠራተኛ ነው። አብረን ሠላሳ ዓመት ሠርተናል። መጀመሪያ የአልጋ እግር ነበር የምንሠራው፤ ሰው የብረት አልጋ መግዛት ሲጀምር ወደ እስክሪብቶ ዞርን። ሚስቱ ሞታለች። አንዲት ልጁ ባቱ አበባ እርሻ ትሠራለች፤ በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ና" ነው። እሱ ደግሞ ይህን እንደ እስር ቤት ነው የሚፈራው።

"ባቱ ከሄድኩ ቴሌቪዥን ፊት ነው የምታስቀምጠኝ" ይለኛል። "እዚህ ቶርኖው ላይ ብወድቅ ይሻለኛል።"

ታዲያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ከሳህኑ ጋር ይንጫጫል። አየሁት። አንድ ቀን ራሱ አነሳው።

"ጃርሳ" አለኝ። በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለቱ ነው፤ ከኔ በሁለት ዓመት የሚበልጠው እሱ ሆኖ ሳለ። "እጄን አይተኸዋል አይደል?"

"ዓይን አለኝ።"

"ሞረድ ስይዝ ይረጋል። ለልጄ ግን እንዳትነግራት። ካወቀች በማግስቱ መጥታ ነው የምትጭነኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ" አልኩት። እሺ ማለቴ ነበር። እሱም እሺ ብሎኛል ብሎ ነው የያዘው።

አምና መስከረም ላይ አንዲት የስጦታ ዕቃ የምትሸጥ ሴት ሃያ እስክሪብቶ አዘዘች። የደረቀ ማንጎ አልነበረኝም። ከመቂ ሽንኩርት በጫነ መኪና አንድ ግንድ አስመጣሁ። ሻጩ ደርቋል አለኝ፣ እኔም በመዶሻ አንኳኩቼ አመንኩት። ዓመት ጣራ ላይ መዋል የነበረበትን እንጨት በሦስት ሳምንት አወረድኩት። ባልንጀራዬ አንዱን ቁራጭ አንስቶ ጉንጩ ላይ አደረገው።

"ይሄ ነገር ደርቋል?"

"እንጨት የኔ ነው። አንተ ብረትህን ያዝ።"

ያዘ። በጥቅምት ሃያውም አለቁ፤ መደርደሪያ ላይ ደረደርናቸው። ኅዳር ገብቶ ያ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ሴትዮዋ ልትረከብ ቀጠሮ ያዘች። በቀጠሮው ቀን ጠዋት አንዱን አንስቼ ጥፍሬን በርዝመቱ አስኬድኩት። ጥፍሬ ነሐሱ ጋ ቆመ። ሌላውን አነሳሁ፣ ቆመ። ነሐሱ ከእንጨቱ በላይ ወጥቶ ጠርዙ ይቧጭራል። እጁ ነው አልኩ። ሞረዱ እየተንቀጠቀጠ እንጨቱን በልቶታል። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሴትዮዋ የምትመጣው ከሰዓት ነበር። ከዚያ በፊት ለብቻው ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ስትመጣ እንዲሆን ፈለግሁ።

መጣች። በሩ ላይ የጋራዡ መካኒኮች እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ባልንጀራዬ ቆቡን አስተካክሎ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ሰጣት።

"ልጄ፣ ጥፍርሽን ከዚህ እስከዚህ አስኪጂው" አልኳት።

"ለምን አባባ? ያምራል እኮ።"

"አስኪጂው ብያለሁ።"

አስኬደችው። ጥፍሯ ቆመ። ደግማ ስትሞክር ጣቷን ቧጨራት፣ አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አልኩት እሱን።

"የኔ ነው" አለ።

"ይሄ እጅ ሞረድ አይይዝም። የሻይ ብርጭቆ እንኳ አልቻለም።"

ከመካኒኮቹ አንዱ "እኚህን አባት ለአሸዋ ንፊያ እንውሰዳቸው! ወንፊቱን ማስያዝ ብቻ ነው፣ ሌላውን እጃቸው ይጨርሰዋል" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቀችም። ባልንጀራዬ እጁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፤ የሰው ዕቃ በስሕተት ይዞ የተገኘ ሰው ነበር የሚመስለው።

ሴትዮዋ እንደወጣች ስልኬን አውጥቼ ልጁ ጋ ደወልኩ። አጠገቤ ቆሟል።

"አባትሽን ነይና ውሰጂው። እጁ ሞቷል፤ እኔ ጡረታ ቤት አልከፈትኩም።"

"ምነው ጋሼ፣ ምን ሆነ?" እያለች ዘጋሁት። እሱ ሽርጡን አውልቆ አጣጠፈ፣ ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ መልሶ ደግሞ ፈታና ለኔ ተዋቸው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መጥታ ወሰደችው።

ሃያውን እንደገና ቶርኖ ላይ አስሬ በገዛ እጄ አለሰለስኳቸው። ሴትዮዋ ተመልሳ ወሰደቻቸው። ከዚያው ግንድ ሦስት ለራሴ ሠራሁ፤ የሠራሁ ዕለት ጥፍሬ ከጫፍ ጫፍ ያልፍ ነበር። ጥር እንደገባ አቧራቸውን ስጠርግ ጥፍሬ ቆመ። በወይራው በኩል ያልፋል፣ በማንጎው በኩል ይቆማል። የኔ እጅ አይንቀጠቀጥም። የተረፈውን ግንድ ስሰነጥቀው ልቡ ገና በእርጥበት ይቀዘቅዝ ነበር። እንጨት ሲደርቅ እየከሳ ይሸሻል፣ ነሐስ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ሃምሳ ዓመት እንጨት የነካሁ ሰው ይህን አጥቼው አይደለም።

በማግስቱ ባቱ መሄድ ነበረብኝ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። አልሄድኩም። መጀመሪያ ለጥምቀት እሄዳለሁ አልኩ፣ ከዚያ ለፋሲካ። እውነቱን ልናገር? እኔ ነኝ ያጠፋሁት የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ሰኔ ላይ ሌላ ትልቅ ትዕዛዝ መጣ፤ ብቻዬን አልቻልኩም። ደግነት አላስነሳኝም፣ ሥራ ስለበዛብኝ ነው የሄድኩት።

ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። እንዳለውም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። ልጅቷ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠችው ነበር፤ ስታየኝ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከቷቸዋል።

"ተነስ እንሂድ፣ ሥራ አለ" አልኩት።

"በምኔ?"

"እጅህ ምንም አልነበረም። ማንጎው ነው፤ እርጥብ ነበር።"

ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞረ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

ትናንት ልለው አስቤ ነበር። ውሸቱ አልሆንልኝ አለ።

"በጥር።"

አንዱን እጁን ከጭኑ ሥር አወጣና በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። እጁ ከድሮው ብሶበታል፤ ግንቦት ላይ ትንሿን ጣቱን ለመያዝ ሦስት ጊዜ ሳታት።

"ኅዳር እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ምንም ነገር ይዤ አላውቅም" አለ። "ማንኪያም። እሰብራለሁ ብዬ።"

"እንግዲህ ሆነ። ይቅር በለኝና ተነስ።"

እሱ ወደ ጓዳው ዞሮ ልጁን ተጣራ።

"ለእንግዳው ምሳ አቅርቢላቸው።"

ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም የለም።

"ይቀመጡ" አለኝ። "የናዝሬት መኪና በጊዜ ነው የሚያልቀው። በልተው ይሂዱ።"

ሠላሳ ዓመት አንተ ስንባባል፣ ስንሰዳደብ ኖረናል። አንዴ በመዶሻ አሳዶኛል፤ ያኔም አንተ ነበር ያለኝ።

"ምን ማለትህ ነው? አንተ በለኝ እንጂ" አልኩት።

"ዓሣ ይበላሉ?" አለኝ።

ልጅቷ አስታጠበችኝ፣ ዓሣውን አቀረበች። እሱ እጁን መልሶ ጭኑ ሥር ከተተና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። በላሁ።