ውሻዬ እንዲሸነፍ ተስዬ ነበር

ይህ የሆነው ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ቡታጅራ አጠገብ ነው። ያኔ ገና ልጅ ያልወለድኩ ሙሽራ ቢጤ ነበርኩ፤ አሁን የልጅ ልጆቼን የዳርኩ አሮጊት ነኝ። በዚያ ዘመን ከውሻ የሚበልጥ ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ ሰው አልቋል፣ ቤት ተቃጥሏል። ይህን አጥቼው አይደለም። ነገር ግን ስለዚያ ጊዜ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ውሻዬ መከታ ነው። የሚስቅብኝ ይሳቅ፤ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት የልቤን ለመጻፍ ነው።

ባለቤቴ እንደ አገራችን ወንዶች አዲስ አበባ ይነግድ ነበር። ለመስቀል ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፣ ይሄዳል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ መንገዱ ስለሚያስፈራ መስቀልም ሳይመጣ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። እኔ እንሰቱን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ማለቴ ግን ውሸት ነው፤ መከታ ነበረ።

እንሰት የተከለ ሰው ጃርትን ያውቃል። ስንት ዓመት ያሳደጉትን ተክል ከሥሩ ቆፍሮ አፈር ያስበላዋል። መከታ ቀይ፣ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ ውሻ ነበር፤ ጃርት ካየ አይለቅም። ጠዋት ስነሳ አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ዝም ይላል፤ እኔ አንድ በአንድ እነቅልለታለሁ። ደሙ እየወረደ እንኳ አንድም ቀን ጥርሱን አሳይቶኝ አያውቅም።

መንደርተኛው ይስቅብኝ ነበር። ጎረቤቴ ሸምሲያ በተለይ አትምረኝም። ሙስሊም ስለሆነች መከታ ቀሚሷን ከነካት ውሃ ፍለጋ ነው የምትሮጠው። «አንቺ አስካለ፣ ባልሽ መጥቶ ከእኔና ከውሻው ማንን ትወጃለሽ ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ?» ትለኛለች። ይህን ብላ ደግሞ ያስቀመጠችለትን አጥንት ከአጥር ማዶ ትወረውርለታለች።

ቡታጅራ ካለው የጣሊያን ካምፕ አንድ ሻምበል ነበር፤ እኛ ካፒታኖ እንለዋለን። አገሩ ተራራ ላይ ነው አሉ። እዚያ በክረምት ምድሩ በሙሉ በረዶ ስለሚለብስ ውሾች ጎማ የሌለው ጋሪ ይጎትታሉ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ብዙ ቀን እየሮጡ ይሽቀዳደማሉ ብሎ በአስተርጓሚ ለገበያተኛው አስነገረ። እኛ የምናውቀው በረዶ ጎመን የሚበሳውን ነውና ገበያው በሳቅ ሞተ። አንድ ሽማግሌ «ጋሪውን ውሻ ከጎተተው በቅሎዋ ተቀምጣ ልትቀለብ ነው?» አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ውሻ የሚያይበት፣ ውሻ በስሙ የሚሞገስበት አገር አለ ማለት ነው ብዬ እስከ ቤቴ ሳስበው ሄድኩ። ጠላቴ ነው፤ ቢሆንም በዚህ በዚህ ቀናሁበት። አገሩ ሲናፍቀው ውሾቹ እንደሚናፍቁት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ናፍቆቱ ግን ለእኔ ተረፈ። ካፒታኖው በረዶ ቢያጣ ቀላል ጋሪ በጎማ አሠራና ከየመንደሩ ትልልቅ ውሻ ይሰብስብ ጀመር። አንድ ጠዋት ከአስተርጓሚውና ከወታደሮች ጋር ደጄ ድረስ መጣ።

«ይናከሳል» አልኳቸው፣ ይተዉልኛል ብዬ።

አስተርጓሚው ነገረው። ካፒታኖው ፈገግ አለ።

«እንዲያውም ጥሩ ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

መከታን በገመድ ጎትተው ሲወስዱት እኔ ላይ ዓይኑን ተክሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ ለስላሳ ሰው ነው፤ ማዘኔን ሲያይ ወደኋላ ቀረት ብሎ ነገሩን አስረዳኝ። የቡታጅራ ጋሪ ቆሼ ከተማ ካለው ካምፕ ጋሪ ጋር ይሽቀዳደማል። አንድ ቀን በእንሴኖ በኩል ቆሼ ድረስ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ቡታጅራ። ካፒታኖው ወደ አዲስ አበባ መዛወሩ ነው፤ ያሸነፉትን ውሾች ይዟቸው ይሄዳል። «የተሸነፉት ምን ያደርጉለታል፣ እህቴ? ይለቃቸዋል፤ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ካምፑ ሽቦ አጠገብ መቆም ሥራዬ ሆነ። መከታ ከሩቅ ያውቀኛል። ጠፍሩን እየወጠረ፣ ሌሎቹን ውሾች እየጎተተ ወደ ሽቦው ይመጣል፤ ይጮኻል። ወታደሮቹ ይገርፉታል። አንድ ቀን አስተርጓሚው ወጥቶ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «እባክሽ አትምጪ። አንቺን ሲያይ አይታዘዝም። ትናንት አንዱ ውሻ መስመር እያበላሸ ሲያስቸግር በጥይት መቱት» አለኝ።

መምጣቴን ተውኩ። ከቤቴ ሆኜ ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ የካምፑን ውሾች ጩኸት እሰማለሁ፤ ከዚያ ውስጥ የእሱን ለመለየት ሥራዬን ትቼ ቆሜ እቀራለሁ። ጃርቱም ጠባቂ እንደሌለው አውቆ እንሰቱን ፈጀው። እኔ ግን እንሰቱ አልነበረም ያንገበገበኝ።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። ለውሻ ስለት መሳል ያሳፍራል፤ ስለዚህ «ቤቴን የሚጠብቅልኝን መልሺልኝ» ብቻ አልኩ። እመቤታችን የትኛውን እንደሆነ ታውቃለች። ሰው የሰማኝ እንደሆነ ስለ ባሌ መስሎት ይሄዳል።

የእሽቅድምድሙ ቀን መንገዱ ዳር ገና ሳይነጋ በሰው ተሞላ። ጣሊያንን በልቡ የሚረግመው ሁሉ የቡታጅራ ውሾች የቆሼን ሲበልጡ ማየት አማረው። «የኛዎቹ!» ይባል ጀመር። ሌላው ባይገርመኝም ለውሻ ፊት የማይሰጠው የገዛ መንደሬ ሰው «መከታ የኛ ነው» እያለ ሲኮራ ገረመኝ። እንዲሸነፍ የምጸልይ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሸምሲያ እንሴኖ አክስት አላት። ብቻዬን እንዳልሄድ ብላ ተከተለችኝ። ገና ሳይነጋጋ ተነስተን፣ ጋሪዎቹ ሳይደርሱብን እንሴኖ ገባን። መንገዱ ዳር አንድ ሾላ ነበር፤ ከግንዱ ኋላ ተሸሸግሁ።

«እንዳትጠሪው» አለችኝ ሸምሲያ።

«አልጠራውም።»

«ወላሂ፣ ፊትሽ ሌላ ነው የሚለው» ብላ ነጠላዬን አጣጥፋ አፌ ላይ ያዘችልኝ።

መጡ። ለአንድ ጋሪ አራት ውሻ ነው፤ ከኋላ ወታደር ቆሞበታል። መከታ ከፊት ነበር። ከስቷል። ምላሱ ወጥቶ፣ ደረቱ በአቧራ ቀልቶ ይሮጣል፤ ግን እንዴት ያለ አሯሯጥ! እንዲህ መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሾላው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ወደ እኛ መለስ አደረገ፣ እርምጃውም አንዴ ተደናቀፈ። ነጠላዬን ነከስኩ። ጅራፉ ጮኸ፤ አለፈ። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ፤ ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር።

ያን ሌሊት በሸምሲያ አክስት ቤት አደርን። በማግሥቱ ከቆሼ በርበሬ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ወሬ አመጡ። «የቡታጅራዎቹ ቀድመዋል!» እንሴኖ እልል አለ። እኔ ብቻ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

የሆነው የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ በደጅህ ሲያልፍ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ አይሰደድም። እሽቅድምድም ውስጥ ያለ ውሻ መብላት እንደሌለበት ማን ነግሮን? የእንሴኖ ሴቶች ተመካክረው፣ «እነዚህ ፍጥረቶች ደክሟቸው መጥተው በደጃችን ባዶ አፋቸውን ይለፉ?» ብለው አጥንቱን፣ አንጀቱን፣ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው መንገዱ መሐል ደረደሩት። የሸምሲያ አክስት ሳይቀሩ የበግ እግር ይዘው ወጡ።

ቀድመው የደረሱትን የኛዎቹን ውሾች ሽታው ሲመታቸው ወታደር የለ፣ ጅራፍ የለ። አራቱም በአራት በኩል ዘለሉ። ጋሪው ተገለበጠ፣ ወታደሩ ቦይ ውስጥ ገባ። ጠፍሩ ተጠላለፈና እርስ በርስ ይነካከሱ ጀመር። መከታ አንገቱ ላይ ጠፍር ተጠምጥሞበት ትንፋሽ ሲያጥረው የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ከኋላ በቆሼ በኩል የሌላው ጋሪ አቧራ ታየ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ስለቴ ሠመረ፤ አሁን ይሸነፋሉ፣ ውሻዬ ወደ ቤቱ ይመጣል። ይህን አስቤ ሳልጨርስ ወታደሩ ከቦዩ ወጣ። አፉ ደምቷል። ሽጉጡን መዘዘና ከሁሉ ይበልጥ የሚናከሰው ላይ አነጣጠረ። መከታ ላይ ነበር።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሸምሲያ ቀሚሴን ይዛ ነበር፤ እጇ ላይ ጨርቅ ቀረ። ከውሻውና ከሽጉጡ መሐል ተንበረከክሁ። ስሙን ብጠራ የውሻው ባለቤት ነች፣ አውቃ ነው ያበላሸችው ይሉኛል፤ ስለዚህ «ዝም በል፣ ዝም በል የኔ ጌታ» ብቻ አልኩት። እጄ ሲነካው መከታ ወዲያው ዝም አለ። ራሱን ጭኔ ላይ አደረገ። ጠፍሩን ከአንገቱ አላቀቅሁ፣ ከእግሩ ፈታሁ። እሱ ሲረጋ ሦስቱም ረጉ። ውሻ የምትሸሸው ሸምሲያ ደግሞ ከጎኔ ደርሳ፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች አንደኛውን በማጅራቱ ይዛው ነበር።

ወታደሩ ሽጉጡን ዝቅ አደረገ፤ አልመለሰውም ግን። በአፈሙዙ ጋሪውን አሳየኝ፣ ከዚያ ጠፍሩን። እሰሪ ማለቱ ነው።

አሰርኩት። በዚህ እጄ አሰርኩት። መከታ ጅራቱን እየቆላ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ፤ ወደ ቤት የምወስደው መስሎታል። ወታደሩ ጋሪው ላይ ወጣ፣ ሄዱ። ውሻዬ አንዴ ዘወር ብሎ አየኝ።

የቆሼዎቹ ሲደርሱ የተረፈው አጥንት ላይ ተዝካር እንደገባ ሰው ተቀመጡ፤ በጅራፍም አልነሳ አሉ። ቡታጅራ አሸነፈ። ቡታጅራ ሲጨፍር እኔና ሸምሲያ ወደ መንደራችን ዳገቱን ወጣን። እሷ መንገድ ላይ፣ «ቢገድሉት ይሻልሽ ነበር?» አለችኝ። አይሻለኝም ነበር። ይህን ያኔም አውቃለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ።

ካፒታኖው የሚሄድበትን ቀን የነገረኝ አስተርጓሚው ነው። ካሚዮኑ በሸራ ተሸፍኖ ነበርና ምንም አላየሁም፤ በደጃችን በኩል ሲያልፍ ግን ከውስጥ አንድ ውሻ ጮኸ። የእሱ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ፤ ሰምቶኝ ከነገመዱ ቢዘልስ ብዬ ፈራሁ።

ለባለቤቴ አዲስ አበባ ድረስ በሰው ላክሁለት። የጣሊያን ካምፖችን አጥር እየዞረ ቀይ ውሻ ሲፈልግ ከረመ፤ አላገኘም። ከነፃነት በኋላ ሲመጣ፣ «እኔ ዓመት ስጠፋ እንዲህ ፈልገሽኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ማታ ግን የአጥራችንን በር ሳልዘጋ ስቀር አይቶ እንዳላየ ያልፈኝ ነበር። በዚህ ወደድኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሻ አሳድጌያለሁ። ጥሩዎች ነበሩ። ውሻ ስንት ዓመት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ መከታ የትም ይሁን የት ከሞተ ዘመን ሆኖታል። የማውቀው ሌላ፣ የምናፍቀው ሌላ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ አድነሽዋል ይለኛል፤ እውነት ነው፣ በመዳኑ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ በእነዚያ ሁለት ቀናት፣ ጭኔ ላይ ተኝቶ እንኳ፣ አንድ ጊዜ በስሙ ሳልጠራው መቅረቴ ነው። አሁን ጓሮ ወጥቼ የፈለግሁትን ያህል ብጠራው የሚከለክለኝ የለም። እጠራዋለሁም።