ያልተሰነጠቀው ሥር

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሰርግ ከሚሴ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጃጅም አበባ ተደርድሯል። የሚያስጌጠው ልጅ «ግላዲዮለስ ይባላል እማማ፤ የፈረንጅ ነው፣ እዚህ አይበቅልም» አለኝ።  

የዱር ዘመዱ ግን ይበቅላል። ከከተማው በላይ ባለው ድንጋያማ ዳገት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብቅ ይላል። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ያለ ነው፤ ነጭ አበባው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያውዳል። ሥሩ ሲያዩት ሽንኩርት ይመስላል፤ ሲቆርጡት እንደ ድንች ድፍን ነው። በየዓመቱ በአሮጌው ላይ አዲስ ይሠራል፣ አሮጌው ከታች ሟሽሾ ይቀራል። በጋውን ያለ ዝናብ የሚያሻግረው ያ ሥር ነው። ይህን ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። አባቴ ጨፋ ሮቢት ላለ እህል ነጋዴ ሊድረኝ አስቧል። በዚያው ሰሞን አንድ የዕፅዋት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጡና ሲመለሱ ተክል አሳምሮ ያደረቀ አንድ ተማሪ ካገኙ ወስደው ሥራ እንደሚያስገቡት ለባዮሎጂ መምህራችን ለመምህር ሁሴን ነገሯቸው። መምህር ሁሴን እኔንና የእህታቸውን ልጅ ጀማልን መረጡ። አባቴን ለመንኩት።

«እሺ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የአዲስ አበባው ሰውዬ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። ከወሰዱሽ ሂጂ። ካልወሰዱሽ ግን ሌላ ቃል አልሰማም።»

ዳገቱን በጭቃ ወጣሁ። ከታች የጨፋ ማሽላ ገና አረንጓዴ ነበር። እናቴ የቋጠረችልኝን በበርበሬና በቅቤ የታሸ ቂጣ እየገመጥኩ ያንን ነጭ አበባ ከነሥሩ ቆፈርኩ፤ ያገኘሁትንም ለመምህር ሁሴን ወስጄ አሳየሁ።

«መምህር፣ ሥሩስ? ወፍራም ነው።»

«እንዳለ ይሁን። እንዳትነኪው፤ ሥሩ የጎደለ አይቀበሉም።»

ጀማል አጠገባችን ቆሞ ሳቀ። «ምነው፣ ለወጥ ልትከትፊው ነው እንዴ?»

እቤት ወስጄ በጋዜጣ መሐል አስተኛሁት፣ ከላይ ሳንቃና ድንጋይ ጫንኩበት፣ ወረቀቱን በየቀኑ ቀየርኩ። ሌሎቹ ተክሎች ሲደርቁ እሱ ለምለም እንደሆነ ቀረ። ጫፉ ላይ የነበሩት እምቡጦች እዚያው ወረቀት ውስጥ ፈኩ። እናቴ «እጅሽ በረካ አለው» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ካልጠወለገ አሳምሬ ይዤዋለሁ ማለት ነው ብዬ፣ ባለሙያው እስኪመለሱ አትንኩት ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

ባለሙያው ተመልሰው ሲከፍቱት ጠቁሮ በስብሷል። ሻጋታው ጎኑ ያሉትንም ተክሎች በልቷቸዋል። የጀማል ተከፈተ፤ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሥሩ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«አጎቴ ናቸው።»

«ጎበዝ! ካልተሰነጠቀ ተክሉ ሥሩን እየበላ ወረቀት ውስጥም ይኖራል። በኋላ ይበሰብሳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አይዞሽ ልጄ። ይህ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

መምህር ሁሴንን አየኋቸው። ከጫማቸው ላይ ጭቃ በእንጨት ይፍቁ ነበር። እርስዎ አይደሉም ወይ እንዳትነኪው ያሉኝ ማለት ነበረብኝ። በእኛ አገር ግን መምህሯን በእንግዳ ፊት ውሸታም ያለች ልጅ አባቷን ታዋርዳለች። ብናገርስ ማን ያምነኝ ነበር? የጠቆረው ተክል የእኔ ነው።

ጀማል አዲስ አበባ ሄደ። እኔ መስከረም ሳያልቅ ጨፋ ሮቢት ገባሁ። ስለ ትዳሬ አልጽፍም። ሰውዬው ሞቷል፤ ልጆቹ ያነባሉ።

መምህር ሁሴን ዛሬም አሉ። ገበያ ስንገናኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ? የማን ልጅ ነበርሽ?» ይሉኛል፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ። አፍረው የረሱ መስለው ቢሆን እችለው ነበር። እውነት ረስተውታል። የእኔን ዕድሜ የበላው ነገር ለእሳቸው የአንድ ከሰዓት ወሬ እንኳ አልነበረም።

የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ።

«አላህ ይማራቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ» ይላሉ።

«አሚን» እላለሁ፣ ባጃጅም እጠራለሁ።