የአረንጓዴው ቀሚስ እጥፋት

እኔ ማንኛውንም ወረቀት ከመቁረጤ በፊት ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የተማርኩት በሰው አገር፣ ብሉሚንግተን በሚባል ከተማ አጠገብ፣ የኤርፖርት ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች ሲጨቃጨቁና ሲያንቀላፉ፣ እኔ ተሳፋሪዎች የኋላ ወንበር ላይ ጥለዋቸው የሚወርዱትን መጽሔቶች በጥፍር መቀስ እየቆረጥኩ፣ መሪው ላይ ባስደገፍኩት ካርቶን ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን የሐይቅ ፎቶ አሳምሬ ቆርጬ ብገለብጠው፣ ጀርባው ላይ የአንዲት አሮጊት እጆች ነበሩ፤ የሐይቁን ዳር ስከተል ጣቶቻቸውን ቆራርጫቸዋለሁ። እጆቹ ከሐይቁ በብዙ ይበልጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ጀርባ፣ ቀጥሎ ፊት ሆነ ሕጌ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ክሪስታል በምትባለው ከተማ ያለው የቤቴ ጋራዥ ግድግዳው ሁሉ በሥራዎቼ ተሸፍኗል፤ መኪናዬ ውጭ በረዶ ላይ ታድራለች። የሚያየው ሁሉ «የት ተማርክ?» ይለኛል። «የትም» እላለሁ። ይህን መልስ መስጠት ደስ ይለኛል፤ ለምን እደብቃለሁ።

ጓደኛዬ ግን ሙያ ተምሮ ያደገ ሰው ነው። አስመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ ካርቱም ላይ ልብስ ሰፊ ሆኖ፣ በመጨረሻ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ በከፈታት ጠባብ ሱቅ የሰው ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ነው የኖረው። የተዋወቅነው የካፖርቴን ዚፕ ላስቀይር ሄጄ ነው። ከመስፊያ መኪናው በላይ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራ የከተማ ሥዕል ተሰቅሏል። ጣሪያዎቹ የጂንስ፣ መስኮቶቹ የሸሚዝ ቁልፎች፣ ሰማዩ የሱፍ ገበር ነበር።

«ሰማዩ ወረቀት ቢሆን ይሻል ነበር» አልኩት።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ዚፕ ልታሠራ ነው የመጣኸው ወይስ ሥራዬን ልትቀማኝ?»

«ሁለቱንም።»

ዚፑን ልወስድ ስመለስ አሮጌ የከተማ ካርታ ይዤለት ሄድኩ። ስልክ መንገድ ማሳየት ከመጀመሩ በፊት የነዳሁበት፣ በእጥፋቱ የተበሳሳ ካርታ ነው። ባንኮኒው ላይ ዘረጋነው። የከተማው ባቡር በደጅ ሲያልፍ ጣሳው ውስጥ ያሉት ቁልፎች ይንቀጠቀጡ ነበር። እዚያው ቆመን ሰማዩን በካርታዬ ለወጥነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሥዕሉ ሥዕል የሆነው ያን ጊዜ ነው። እሱም ያውቀዋል፤ ብቻ አይለውም።

ሱቁን ከዘጋ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኔ ጋራዥ መምጣት ጀመረ። ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ የእኔ ሻይ ቅመም እንደሌለው ስለሚያምን ነው። አሠራራችን አይገናኝም ነበር። እኔ ደስ ያለኝን ወዲያው እለጥፋለሁ። እሱ ቁርጥራጮቹን በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ለሳምንታት ይተዋቸዋል፣ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ከብዙ ንትርክ በኋላ አንድ ልማድ አወጣን፤ ኮላ ከመነካቱ በፊት ሁለታችንም በቁርጥራጩ ላይ ጣታችንን እናስቀምጣለን። አንዱ ጣቱን ካላስቀመጠ አይለጠፍም። ሌላም የራሱ ሕግ ነበረው፤ የሰው ፊት ያለበት ፎቶ አይለጥፍም። «ፊት ላይ ኮላ መቀባት ሰውን ማፈን ነው» ይላል። እኔ አላምንበትም፤ ግን አከበርኩለት።

መጀመሪያ ላይ የሱቅ ኮላ ንቆ ከዱቄት የተቀቀለ ሙጫ ይሠራ ነበር። በክረምቱ አይጥ ጋራዡ ውስጥ ገባችና ከሥራዎቼ የአንዱን ጠርዝ በላችው።

«ዱቄትህ ነው ያመጣት» አልኩት።

«ዓርከይ» አለኝ፤ ጓደኛዬ ሲለኝ በትግርኛ ነው፣ «ሥራህን እስከ መጨረሻው የወደደልህ ፍጥረት ቢኖር እሷ ናት። አትጥላት።»

በፊርማዬም ይቀልድ ነበር። እኔ ስሜን በቀይ ቀለም፣ ከታች በስተቀኝ፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጌ እጽፋለሁ። የሠራ ሰው ለምን ይደበቃል። እሱ አይፈርምም። «ከመንገድ ማዶ የሚታየው ስምህ ብቻ ነው» ይለኛል።

ባለቤቱ ያረፈችው ሥራ በቃኝ ብሎ ሱቁን ጨርሶ በዘጋ በዓመቱ ነው። ብሉሚንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ የኖረች፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። አርባዋ ሲወጣ እንደ ደንቡ ልብሷ ሁሉ ለሚያስፈልጋቸው ተሰጠ። እሱ በእጁ አጣጥፎ፣ ቁልፍ የጎደለውን ተክቶ፣ ተኩሶ ነው የሰጠው። አንድ ብቻ አስቀረ። ካርቱም ሳሉ እሱ ራሱ የሰፋላትን አረንጓዴ ቀሚስ። ብዙ ከመልበሷ የተነሳ ቀለሙ ለቅቆ፣ የውሃ ዳር ሣር የመሰለ ሆኗል።

ለረጅም ጊዜ መቀስ አልያዘም። ቅዳሜ ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ እኔ ስሠራ ይተቻል፣ ይሄዳል። መልሶ ያስጀመረው የልጁ ሠርግ ነው። እዚሁ የተወለደች፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ አባቷ በትግርኛ ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ለእኔ ስትል ነው አማርኛ የምትሞክረው። አንድ ቅዳሜ ልታደርሰው መጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ባባ፣ ጊፍት አልፈልግም» አለችው። «ከእናንተ ቦርዶች አንዱን ነው የምፈልገው። ማማ ያለችበት።»

«ፊት አንለጥፍም» አላት።

«አይ ኖው። ግን እሷ ትኑርበት። አንክል፣ አንተ ንገረው።»

«ይሠራል» አልኳት። «እኔ አለሁ አይደል።»

ያንን ያልኩት ያለ ማመንታት ነው፤ ለእኔ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጎረቤት አውጥቶ መንገድ ዳር የጣለውን የቁም ሳጥን በር ተሸክሜ አመጣሁ። ከአሮጌ ካርታዬ ትራፊ ላይ የሟቿን የአውቶቡስ መንገድ፣ ከቤቷ እስከምትሠራበት ሆቴል ድረስ፣ እንደ ክር ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩት። እሱ ከመሳቢያ ለሽታ ብላ ያስቀመጠቻቸውን የሆቴል ሳሙና መጠቅለያዎች አመጣ። በጣሳ ያጠራቀመቻቸውን ቁልፎች በመጠን ለየን። በሩ ከአራቱም ጎን እየሞላ ሄደ። መሃሉ ግን ባዶ ነበር። በእርሳስ የቀሚስ ቅርጽ ሥሎበት፣ «እዚህ ቀሚሱ ይገባል» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሚሱን በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ትልቁን የልብስ ሰፊ መቀስ አነሳ። ዕድሜ ልኩን ያን መቀስ የያዘ ሰው አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ቀረ። መልሶ አስቀመጠው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀሚሱን ከቆረጠው ከእሷ የቀረው አንድ ነገር ይጠፋል፤ ልጅቱም እቤት በመጣች ቁጥር ቁም ሳጥኑን ከፍታ እንደምታሸተው ያውቃል። ካልቆረጠው ደግሞ ልጅቱ የለመነችው አንድ ነገር ባዶ መሃል ይዞ ይሄዳል። ሠርጉ እየቀረበ ነበር።

«ስጠኝ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ» አልኩት። «እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«የአንተ እጅ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሚስትህ ምሳ እየሠራች ነው።»

ይህን ሲል አልተቆጣም።

ዘዴ ማውጣት ልማዴ ነው። ቀሚሱን ቤተ መጻሕፍት ወስደን በባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ ማባዣ እናንሳው አልኩት። ሄድን። የማባዣው መስታወት ላይ ቀሚሱን እንደ ሕፃን አስተኛው። የወጣው ወረቀት ግን ጥላ የበዛበት፣ የጠወለገ ነገር ሆነ። መብራት ዳር ወስዶ አየው።

«ይህ ጎመን ነው» አለ። «ሚስቴን ጎመን አድርገህ ልትለጥፋት ነው?»

ሳቅን። ክሪስታል ደርሰን የመኪናውን ቀበቶ ሲፈታ ግን፣ «ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ መሃሉን በሌላ ጨርቅ እንሞላዋለን» አለኝ። ሌላ ጨርቅ ሲል ድምፁ ደንበኛ እንደሚያናግር ሰው ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ቀሚሱን ከእጁ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከዚያ ማንኛውም ወረቀት ላይ እንደማደርገው ገለበጥኩት። ውስጡን ወደ ውጭ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጀርባውን እያየሁ።»

«ቀሚስ እኮ ነው፣ መጽሔት አይደለም።»

በጎንና በጎን ባለው ስፌት አጠገብ፣ ክር የሌላቸው የመርፌ ቀዳዳዎች መስመር አየሁ፤ ቀሚሱ አንድ ጊዜ ሰፋ ተደርጎ፣ በኋላ ተመልሶ የጠበበ ነው። ከታች ደግሞ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ከአራት ጣት ይሰፋል። ጫፉን በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁት። ውስጡ ያለው ጨርቅ አረንጓዴ ነበር። ይህ የነጣው አረንጓዴ አይደለም፤ ፀሐይም ሳሙናም ያላገኘው፣ ድቅድቅ ያለ አረንጓዴ።

«ይህን ሁሉ ጨርቅ ለምን ታጥፋለህ?» አልኩት።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ጣቱን እጥፋቱ ውስጥ አስገብቶ ዳበሰው።

«ካርቱም ነበርን» አለ። «ሌላ ጨርቅ የምንገዛበት ጊዜ መምጣቱን አላውቅም ነበር። ቢያጥራት እንዳስረዝምላት፣ ቢቀደድ ከራሱ እንድጥፈው ብዬ ነው የተውኩት። አላጠራትም፣ አልተቀደደም። ረሳሁት።»

አንድ ልብስ ሰፊ ራሱ የሰፋውን እጥፋት እንዴት ይረሳል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ለእሱ ያ ቀሚስ ጨርቅ መሆኑን ካቆመ ቆይቶ ነበር። እሷ ነበረች። ሰውን ደግሞ ገልብጦ የሚያይ የለም። ለእኔ ገና ጨርቅ ስለነበረ አየሁት። በዚህ አልኮራም ብል ውሸት ነው።

ምላጭ አወጣና እጥፋቱን ተረተረው። ክሩን አንድ በአንድ እየለቀመ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መቀሱን አነሳ፤ በዚህ ጊዜ አላመነታም። ረጅም አረንጓዴ ጥብጣብ ከቀሚሱ ዙሪያ ወጣ። የቀሚሱን ጠርዝ በቀጭኑ አጥፎ እዚያው በእጁ ሰፋው። አንጠልጥሎ አሳየኝ፤ ቁመቱ ያው ነበር።

«ከእሷ ምንም አልጎደለም» አለ።

ጥብጣቡ ግን የቀሚሱን ቅርጽ ለመሙላት አይበቃም ነበር። እኔ ቆራርጠን በመስመር በመስመር እንደርድረውና በቀረው ላይ ካርታ እናስገባ አልኩ። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ጥብጣቡን ሳይቆርጥ በእርሳስ መስመሩ ላይ አስሄደው፤ ከአንገት ጀምሮ በእጅጌው፣ በወገቡ፣ በታች ዞሮ መጣ። ውስጡ ያው የበሩ እንጨት ሆኖ ቀረ። ዙሪያው ብቻ አረንጓዴ።

«ባዶውን ልትተወው ነው?»

«ባዶ ነው እኮ» አለኝ።

ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ሥራ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባዶ ቦታ አይቼ ማለፍ አልችልም። ያ ግን ከእኔ ሐሳብ ይበልጥ ነበር። የሚበልጠውን ሲያዩ መለየትም ዕውቀት ነው፤ እሱንም ራሴን ነው ያስተማርኩት። ጣቴን ጥብጣቡ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም አስቀመጠ። ኮላውን ግን አላነሳም።

«ሌላ ጣት ይቀራል» ብሎ ልጁ ጋ ደወለ።

ከሥራ እንደወጣች፣ የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር መጣች። የነገርናት ምን ያህል እንደገባት እንጃ፤ ቀድማ ያየችው ተገልብጦ የተቀመጠውን ቀሚስ ነው። ክር በሌላቸው የመርፌ ቀዳዳዎች ላይ ጣቷን አስሄደች።

«ይሄ ላይን... መስመሩ ምንድን ነው?»

«እሱ አንቺ ነሽ» አላት አባቷ። «እናትሽ አንቺን ስታረግዝ አሰፋሁት። ስትወለጂ አጠበብኩት።»

እኔና አባቷ ጣታችንን ጥብጣቡ ላይ መልሰን ስናስቀምጥ፣ እሷም መጥታ ጣቷን አጠገባችን አደረገች። ለጠፍነው።

ሲደርቅ ቀይ ቀለሜን አመጣሁ። ከታች በስተቀኝ ልጀምር ስል ብሩሹን በቀስታ ያዘው።

«ዓርከይ፣ አንተ የጀርባ ሰው አይደለህም? ጀርባው ላይ ፈርም።»

በሩን ገለበጥነው። ስሜን ጻፍኩ። ያለ ኩራት እንዳይመስላችሁ፣ ፊት ለፊት ከምጽፈው በእጥፍ አተልቄ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ብሩሹን ሰጠሁት። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ በበሩ ባዶ ጀርባ ላይ ቦታ ሞልቷል አልኩት። ከስሜ በታች የእሱንና የእሷን ስም በትንሹ ጻፈ።

ልጅቱ በሠርጓ መልስ ቀን አረንጓዴውን ቀሚስ ለበሰች። ልክ ነበር የሆነላት። በሩ አሁን እንግዳ መቀበያ ክፍሏ ውስጥ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን እያየ ያደንቃል፣ ማን ሠራው ብሎ ይጠይቃል። እኔ በሄድኩ ቁጥር ሰው ሳያየኝ የበሩን ጠርዝ ከግድግዳው ፈንቀቅ አድርጌ በጥላው ውስጥ አያለሁ። ስሞቹ እዚያው አሉ።