የአቶ በቀለ ነጥብ

ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ከጭሮ ተነስተን ለእግር ጉዞ ወደ አሰቦት ተራራ ሄድን። ሬዲዮ የሚወደው ባልደረባችን ዳንኤል ለእያንዳንዱ ተጓዥ ያለበትን ቦታ የሚልክ የእጅ ሬዲዮ አስያዘ። እኔ እግሬን ስላመመኝ ከተራራው ሥር መኪና ውስጥ ቀርቼ የሰዎቹን ነጥቦች ላፕቶፕ ላይ እከታተላለሁ። አጠገቤ ባልደረባዬ ሃና አለች፤ ጡረታ የወጡት አባቷ አቶ በቀለም ከተጓዦቹ ጋር ናቸው።

ከቀትር በኋላ ሌሎቹ ነጥቦች ሽቅብ ሲወጡ የእሳቸው ወደኋላ ቀርቶ ቆመ። በሬዲዮ ብንጠራቸው አይመልሱም።

«አረፍ ብለው ይሆናል» አልኳት።

«አባዬ ሰው ጥሎት ሲሄድ አያርፍም» አለች።

ዳንኤል ሊፈልጋቸው ከላይ መውረድ ሲጀምር ነጥቡ ተንቀሳቀሰ፤ ወደ እኛ ይመጣል። ሃና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ ውሃ ይዛ ልትቀበላቸው ወጣች። እያነከስኩ ተከተልኳት።

ከግራሮቹ መሃል የወጣው ግን ግመል የሚነዳ ሰው ነው። ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለን። «ይሄ ሲጮህ ሰማሁ። ባለቤቱ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ብጠራውም ብነካውም አይነሳም። መኪናችሁን አይቼ መጣሁ። ፊቱን በፎጣዬ ሸፍኜዋለሁ።»